አደይ ስም አይደለምን?

ሰሞኑን በታተመ አንድ ጽሑፍ፥ ሴት ልጁን አደይ ብሎ የሚሰይም ወላጅ ቶሎ የሚረግፍና ከሃይማኖት የራቀ ስም እንደሚያወርሳት የተሰነዘረውን ተግሣጽ አንብቤ አዝኛለሁ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ፥ በየሰንበቱ ሌሊት በማኅሌተ ጽጌ እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰለች የምታመሰግን ቤተ ክርስቲያን ሳለች፥ አበባን ከሃይማኖት ማራቅ ከወዴት የመጣ ትምህርት ነው? ሴት ሕፃንስ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ወለተ ማርያም ወይም ሌላ የክርስትና ስም ትቀበል የለምን?

መርገፉን በተመለከተ፥ ጸሐፊው በመስከረም ወደ ጢስ ዓባይ ይውረዱ፤ ፏፏቴው ክረምት በሰጠው ውኃ ሞልቶ ሲያጓራ፥ አምና ዘሩን በአፈር ያኖረው አደይ፥ ማንም ሳያርስለትና ሳይኮተኩተው፥ በየማሳው ዳርና በየድንጋዩ ሥር፥ ቢጫ አበባው በጤዛ እንደ ራሰ፥ ዳግመኛ ፈክቶ ያገኙታል፤ ልጃገረዶችም ለእንቁጣጣሽ እቅፍ አድርገው ይዘውት ይዞራሉ።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት ከተማ የመንግሥት መናገሻ ሆናለች፤ ለመናገሻ የበቃው የአበባ ስም ለአንዲት ሕፃን የሚያንስበትን ምክንያት ጸሐፊው አላስረዱንም።