ከአቶም ምድጃ የሚተርፈው አመድ ወዴት ይቀመጣል?

በቃሊቲ የጨረር ነገር እንግዳ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የተመረቀው የቆላ ዝንብ ማራቢያ ጣቢያ የሚገኘው በዚሁ ሠፈር ሲሆን፣ ወንዶቹ ዝንቦች በጋማ ጨረር መክነው በደቡብ ስምጥ ሸለቆ እንዲለቀቁ፣ ከብት የሚፈጀው ገንዲም ከሥሩ እንዲነቀል ታስቦ የተሠራ ነው። በጉምሩክ በር ተራውን የሚጠብቅ ነጋዴ ይህን ቢሰማ ይገረም ይሆናል እንጂ አይደነግጥም፤ ጨረሩ ተከድኖ፣ ባለሙያ ቆሞለት የሚሠራ ነውና።

አሁን የታሰበው ግን ከዝንብ ማምከኛ እጅግ የሚበልጥ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የአቶም ኃይል ማመንጫ ለመሥራት የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። መብራት በጠፋ ቁጥር የወፍጮው ወይም የማቀዝቀዣው ሥራ የሚቆምበት ሰው ይህን በደስታ ቢቀበል አይፈረድበትም። ወንዝ የዝናብን ፊት ያያል፤ የአቶም ምድጃ ግን ክረምት ከበጋ አይመርጥም።

ነገር ግን ማንም አስተዋይ ነጋዴ ዕዳውን በመዝገብ ሳያስገባ ትርፉን አይቆጥርም። የአቶም ኃይል ዕዳ አመዱ ነው። ከምድጃው የወጣው ያገለገለ ነዳጅ በውኃ ገንዳ ውስጥ ለዓመታት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም በወፍራም የብረትና የሲሚንቶ ዕቃ ይታሸጋል። በውስጡ ካሉት አንዱ፣ ፕሉቶኒየም የሚባለው፣ ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ 24,000 ዓመት ያህል ይፈጃል። ፊንላንድ ይህን ለመቅበር ከ400 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ዓለት ውስጥ ዋሻ ፈልፍላለች። ብዙዎቹ አገሮች ግን እስከ ዛሬ በየማመንጫው ግቢ ያስቀምጡታል። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2017 ያገለገለው ነዳጅ ወደ ሩሲያ እንዲመለስ ተዋውላለች።

ኢትዮጵያም እንዲሁ ትዋዋል የሚል ይኖራል፤ መልካም። ሆኖም ዕቃ አስመጪውና ላኪው ከማንም ይልቅ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ አገሪቱ የራሷ የባሕር በር የላትም። ያገለገለው ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ቢወጣ፣ የጅቡቲ መንግሥት ፈቃድ፣ የመርከቡ ባለቤት ፈቃድ፣ የመንገዱም ጥበቃ ያስፈልጋል። አንድ ኮንቴይነር ቡና በሰነድ ጉድለት ስንት ቀን እንደሚውል ያየ ሰው፣ ይህ ጭነት በአንድ ፊርማ የሚያልፍ አይመስለውም። ስለዚህ የመመለሻው መንገድ ከግንባታው ውል በፊት ተጽፎ መታየት አለበት።

የቦታውም ምርጫ ቀላል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። የጃፓን ፉኩሺማ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የተጎዳው መሬቱ ከተናወጠ በኋላ በመጣው ማዕበል ማቀዝቀዣው በመቆሙ ነበር። በኢትዮጵያ የባሕር ማዕበል የለም፤ ማቀዝቀዣ ውኃና የማይቋረጥ መብራት ግን እዚህም ያስፈልጋል።

ማመንጫው እስኪሠራ ሳይጠበቅ ዛሬውኑ የሚያሳስብ ሌላም አለ። ቁራሌው ከየሠፈሩ የሚሰበስበው ብረት በመጨረሻ በእቶን ይቀልጣል። በ1980 ዓ.ም. መግቢያ በብራዚል ጎያኒያ ከተተወ ሕክምና ቤት የወጣ መሣሪያ ለብረት ነጋዴ ተሽጦ፣ በውስጡ የነበረው ሲዚየም አራት ሰው ገድሏል። በሜክሲኮም ከሆስፒታል መሣሪያ የወጣ ኮባልት ከብረት ጋር ቀልጦ፣ የቤት መሥሪያ ፌሮ ሆኖ ተሸጧል፤ በ1976 ዓ.ም. ሲታወቅ ብረቱ ድንበር ተሻግሮ አሜሪካ ገብቶ ነበር። የአንድ እቶን ባለቤት የጨረር መለኪያ መግዣውን ገንዘብ ከዚህ ኪሣራ ጋር ያስተያየው።

ላኪዎች ደግሞ 2000 ዓ.ም.ን አይረሱም። ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ባለች ጊዜ ጥርጣሬው ያረፈው በጆንያው ላይ ነበር፤ ቡናው ግን ከነስሙ ገበያውን አጣ። በጆንያ ይህን ያህል ከሆነ፣ የጨረር ወሬ ቢነሣ ምን ይሆን ነበር?

ስለ ጨረርና ስለ ኑክሌር ጥበቃ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አለ። ይሁን እንጂ ማመንጫውን የሚያሠራው ክፍልና ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚከለክለው ክፍል በአንድ አለቃ ሥር መዋል የለባቸውም፤ ሻጭ ራሱ ሚዛን ጠባቂ ሊሆን አይገባምና። የካሣውም ነገር ገና በግልጽ መነገር አለበት። ሱቁን ለእሳት ዋስትና ያስገባ ሰው ውሉን አውጥቶ ያንብብ፤ በተለመደው የኢንሹራንስ ውል ጨረር ያደረሰው ጉዳት ከሚከፈለው ውጭ ነው። እንግዲህ ከፋዩ የማመንጫው ባለቤት መሆኑ፣ የሚከፍለውም መጠን በሕግ እስኪወሰን ድረስ፣ የንግድ ምክር ቤቱ ረቂቁን ለማየት በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል፤ ጊዜውም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።