ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

እዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምጽፍላችሁ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ እንሰት አጠውልግ፣ ስለ ማዳበሪያ አጨማመር ነው። ዛሬ ግን ስለ ክሪክ ልጽፍ ነው። "ይሄ የመካኒክ ሥራ እንጂ የግብርና ነው እንዴ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እስከ አምና ኅዳር ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

በምሠራበት ቀበሌ ተደራጅተው የስንዴ መውቂያ ማሽን የገዙ ወጣቶች አሉ። ማሽኗ ሁለት ጎማ አላት፣ ከማሳ ማሳ ትጎተታለች። ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስባቸው ገንዘብ አዋጡና ባለ ጎማውን ክሪክ፣ ያንን ጋራዥ ውስጥ እየተንሸራተተ መኪና ሥር የሚገባውን፣ ከሆሳዕና ገዝተው መጡ። ከወራት በኋላ ክሪኩ ግማሽ ድረስ ወጥቶ እምቢ አለ። ደወሉልኝ። እኔም እንደ ዐዋቂ "ዘይት ጎድሎት ነው፣ የፍሬን ዘይት ጨምሩበት፤ ፍሬንም በዘይት ግፊት አይደል የሚሠራው" አልኳቸው። ጨመሩ። በዚያው ቀን እንደ አዲስ አነሳ። ደስ አለኝ፣ ለጓደኞቼም አወራሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውቂያ መሀል ጎማ ፈነዳ። ማሽኗን በክሪኩ አንስተው ጎማውን ፈቱ። አንደኛው ልጅ አክስሉን ሊያይ ትከሻውን ወደ ውስጥ አስገባ። ክሪኩ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ወረደ። ልጁን ያተረፈው ጓደኛው የፈታውን ጎማ ሳያስበው ማሽኗ ሥር አጋድሞት ስለነበር ነው፤ ብረቱ እሱ ላይ አረፈ። የልጁ ትከሻ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። ማታ ልጠይቀው ቤታቸው ስሄድ አባቱ ቡና አስቀረቡልኝ፣ ትንሽ ቆይተው "ልጄ፣ ያንን ዘይት አንተ ነህ ያልከው ይላሉ፤ እውነት ነው?" አሉኝ። አዎ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ወዲህ ሆሳዕና በሄድኩ ቁጥር ክሪክ የሚፈቱ ሰዎች አጠገብ እቀመጣለሁ፣ አይቼም ጠይቄም የተማርኩት ነው ይሄ።

ክሪክ ውስጡ ቀላል ነገር ነው። አንድ ትንሽ ፒስተን አለ፣ አንድ ትልቅ ፒስተን አለ፣ በመሀላቸው ዘይት። እጀታውን ስትጫኑ ትንሹ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ትልቁን ይገፋል። ለምሳሌ የትንሹ ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር፣ የትልቁ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጉልበቱ 9 እጥፍ ይሆናል። እጀታው ራሱ 15 እጥፍ ካበዛው የ20 ኪሎ ግፊታችሁ 2,700 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ዋጋውን ግን በመንገድ ትከፍላላችሁ፤ አንዴ ስትጫኑ ፒስተኑ የሚወጣው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ ነው እጅ እስኪዝል የምንጫነው።

ታዲያ ያንን ሁሉ ክብደት ይዞ የሚቆመው ምንድን ነው? አንድ ቀለበት የምታህል ጎሚኒና የመልቀቂያውን ቀዳዳ የምትዘጋ የብረት ብይ። በቃ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በውሃ ግፊት የሚሠራውን መጭመቂያ ሲያወጣ ያስቸገረው ይኸው በፒስተኑ ዙሪያ የሚያፈሰው ነገር ነበር። መፍትሔውን ያገኘው እሱ ጋር ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሌይ ነው ይባላል፦ እንደ ኩባያ የተጎነበሰ ቆዳ፣ ግፊቱ በበዛ ቁጥር ራሱ እየተለጠጠ ግድግዳውን የሚያጠብቅ። ዛሬ ቆዳው ጎማ ሆነ እንጂ ብልሃቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከዘይት ዘር አይደለም። ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ የተጻፈበት ሌላ ኬሚካል ነው፣ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ የክሪክ ጎሚኒ ደግሞ ለማዕድን ዘይት ተብሎ የተሠራ ጎማ ስለሆነ ያብጥበታል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ ይቆራረሳል። መጀመሪያ ሲያብጥ ቀዳዳውን ስለሚያጠብቅ ክሪኩ የዳነ ይመስላል! እኔን ያታለለኝ ይሄ ነው። የተገላቢጦሹም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ የክሪክ ዘይት የባጃጅ ፍሬን ውስጥ ከገባ የፍሬኑን ጎሚኒ ያበላሸዋል። ባጃጅ ያላችሁ አደራ፣ ሁለቱን ጠርሙሶች አንድ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ።

የሚገባው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፣ ቁጥር 22 ወይም 32 የሚለው። ንጹህ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ቶሎ አይጎዳም፣ ግን ይወፍራል፤ በእኛ ደጋ ጠዋት ጠዋት ክሪኩን ያንቀራፍፈዋል። የተቃጠለ ዘይትስ? በጭራሽ። ውስጡ ያለው የብረት ዱቄት ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ሲጨመር ክሪኩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ ሜዳ ላይ ተቀምጦ መሆን አለበት። ከጎኑ ያለችውን የጎማ ክዳን ከፍታችሁ ዘይቱ እስከ ቀዳዳዋ ታችኛ ከንፈር ሲደርስ አቁሙ። ክሪኩ እንደወጣ የሞላችሁ እንደሆነ ሲወርድ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፣ ክዳኑን ፈንቅሎ ይወጣል። ከዚያ መልቀቂያውን ፈታ አድርጋችሁ ያለ ሸክም ከ10 እስከ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኑት፤ የገባው አየር ይወጣል። ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ፍራሽ የሚያነጥር ክሪክ ብዙ ጊዜ ሕመሙ አየር ነው።

አንስቶ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይት መጨመር አያድነውም። መጀመሪያ መልቀቂያው ደህና መጥበቁን እዩ። ከዚያ ካልሆነ ያቺ የብረት ብይ ሥር ቆሻሻ ገብቷል ወይም ጎሚኒው አልቋል። ሸክም አውርዳችሁ፣ ዘይቱን በንጹህ ሳህን ገልብጣችሁ፣ መልቀቂያውን ስትፈቱ ብይዋ እንዳትጠፋችሁ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ። ብይዋንም መቀመጫዋንም በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ ክር በማይጥል ጨርቅ አድርቁ። ጎሚኒ የሚቀየር ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና መጠኑን አስተያዩ። ከከመነዳሪ ቆርጠን እናስገባልህ የሚላችሁን አትስሙ፤ የከመነዳሪ ጎማ በማዕድን ዘይት ያብጣል። ከጎኑ ሌላ ትንሽ ብሎን ታያላችሁ፣ ከመጠን በላይ ሸክም ሲመጣ ግፊቱን የሚያስተነፍሰውን የሚጠብቅ። እሱን አትንኩ። "አጥብቀነው የበለጠ ያነሳል" የሚል ጎበዝ በየሰፈሩ አይጠፋም።

ክንዱ የተጣመመ ወይም ገላው የተሰነጠቀ ክሪክ ግን ለቁራሌው ስጡት። በየከተማችን ጥሩ ጥሩ በያጆች አሉ፣ ብዙ ነገር ይታደጋሉ፤ የክሪክ ክንድ ግን የሚበየድ ነገር አይደለም ባይ ነኝ። እዚህ ላይ ከአንድ ወዳጄ በያጅ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። ባለ ጎማው ክሪክ ለእኛ ግቢ ትክክለኛው ዕቃ አይመስለኝም። ክንዱ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሸክሙ ከፍ ሲል ክሪኩ ራሱ በጎማዎቹ ወደ ፊት መንከባለል አለበት። ሲሚንቶ ላይ ይንከባለላል። ክረምት ላይ የአንጋጫ ወይም የዶዮገና ጭቃ፣ በጋ ላይ የሻሾጎ ለስላሳ አፈር ውስጥ ግን ጎማዎቹ ይሰምጣሉ፣ ያኔ ሸክሙን ወደ ጎን ይስበዋል። ቆሞ የሚያነሳው አጭሩ ክሪክ ሥሩ ወፍራም ጣውላ ተነጥፎለት ለማሳ ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀላል። ባለ ጎማውን የገዛችሁ ደግሞ ቢያንስ አንድ ጥግ ሲሚንቶ አድርጉለት።

ሁለቱም ግን ማንሻ ናቸው። ተነስቶ እንዲቆም የምትፈልጉትን ነገር ሌላ ነገር ነው የሚሸከመው። የባህር ዛፍ ግንድ የትም አለ፤ ወፍራሙን በእኩል ቁመት በመጋዝ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ሁለት ሁለቱን አጣምራችሁ ደርድሩ፣ ሸክሙን አሳርፉበት። ሌላኛው ጎማ ሥር ታኮ ይግባ። ብሎኬት አትጠቀሙ፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረከሳል። ድንጋይም ይንሸራተታል። ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ውቂያ ላይ ዝናብ ሲያስፈራራ ግን አምስት ደቂቃ እንደምትረዝም አውቃለሁ፣ አብሬያችሁ ቆሜ አይቻለሁ።

እኛ የግብርና ባለሙያዎች ላይም ቅሬታ አለኝ፣ ራሴንም ጨምሬ። ማዳበሪያ በሄክታር ስንት፣ ዩሪያ መቼ፣ በመስመር እንዴት ይዘራ ስንል እንውላለን። መውቂያ ማሽን፣ የውሃ ፓምፕ፣ ተሳቢ ቀበሌ ሲገባ ግን ፎቶ ተነስተን እንለያያለን። ማን ያነሳታል፣ በምን ያነሳታል፣ ሥሯ የሚገባው ማን ነው የሚል ጥያቄ ሥልጠናችን ውስጥ የለም። ባለቤቱ አንድ ሰው የሆነ ክሪክ ይጠረጋል፣ ዝናብ ሳይነካው ወርዶ ይቀመጣል፣ መገጣጠሚያው ግሪስ ይቀባል። የማኅበር ክሪክ ግን ዛሬ አንዱ ቤት፣ ነገ ሌላው ቤት፣ ዘይቱን ማን እንደጨመረው የሚያውቅ የለም። ማኅበር ያላችሁ ለገንዘብ ያዥ እንደምትመርጡት ሁሉ ለክሪክም ያዥ ምረጡ፣ መተዳደሪያችሁ ላይ ጻፉት።

ለነዚያ ወጣቶች የጎሚኒውን ስብስብ እኔ ገዛሁላቸው፣ ዕዳዬ ስለሆነ። ውስጡን አጥበን፣ አዲስ ዘይት ሞልተን፣ ሸክም አነሳንበትና ከፍታውን በክር ለካን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንለካው ክሩ ልክ ነበር። አሁን የክሪኩ ያዥ ያ ትከሻው የተላጠው ልጅ ነው። ለመበደር የመጣ ሰው የባህር ዛፍ ጉማጆቹን አብሮ ካልተሸከመ አይሰጠውም። ባለፈው ሳምንት የሞተር ሳይክሌን ጎማ ልፈታ ሄጄ "ጉማጁስ?" አለኝ። ለሞተር ሳይክል ነው እኮ ብለው ባዶ እጄን መለሰኝ።