ራስ ሳይጠና ጉተና
(ስለ ሄሮን አሮጌ ቤቶች ጣሪያ)

በጅቡቲ ከተማ፣ በሄሮን ሰፈር፣ አሮጌ ቪላ ለመከራየት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማቀዝቀዣው ነው። ስንት ክፍል ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ ሞተሩ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ጉልበቱም ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቃል። አከራዩም በኩራት ይመልሳል። ስለ ጣሪያው ግን የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም፤ ቦታውን አይተውት የሚያውቁ ቢኖሩ ሽቦ የዘረጋው ኤሌክትሪሽያንና የሰፈሩ ድመቶች ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ የሄሮንን ነዋሪ በሐምሌ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው፣ በወሩም መጨረሻ ኪሱን የሚያራቁተው ይኸው ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጨለማ ቦታ ነው። አበው «ራስ ሳይጠና ጉተና» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የቤት ራሱ ጣሪያው ነውና።

ጅቡቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ፣ ቀትር ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፤ በመካከል ባሉት ወራትም ከአናት ብዙ አትርቅም። በእንዲህ ያለ አገር የፀሐይን ዱላ የሚቀበለው ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ነው። ግድግዳውን በረንዳ ያጠልልለታል፣ ዛፍ ይጋርደዋል። ጣሪያውን የሚያጠልልለት የለም። ደመና በሌለበት ቀትር የጋለ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ያም ሙቀት በጨረር ወደ ኮርኒሱ ይወርዳል፤ ኮርኒሱ በተራው ከሥሩ ለተኛው ሰው ያወርድለታል። ማቀዝቀዣው የሚያቀዘቅዘው አየሩን ነው፤ ከአናት በላይ የተደፋው ምድጃ ግን እንደነደደ ነው። ክፍሉ ቀዝቅዞ ሳለ ሰው ግንባሩን የሚያልበው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየውም ምክንያቱን ስለማያውቅ ማቀዝቀዣውን ሁለት ዲግሪ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቆጣሪውም ይሮጣል።

የጥንቶቹ ግንበኞች ይህን አያውቁም ነበር ማለት ስሕተት ነው። ፈረንሳዮች በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አስተዳደራቸውን ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ሲያዛውሩ፣ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ወፍራም ግድግዳ ሠሩ፤ ጣሪያውን ከፍ አደረጉ፤ ዙሪያውን በረንዳ ዘረጉ፤ በመስኮቱም ላይ ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት ፐርሲያና ሰቀሉ። ከእነርሱ ቀድመው በዚህ ምድር የኖሩት ደግሞ ያለ መሐንዲስ ያውቁት ነበር። የአፋር ዳቦይታና የሶማሌ አቃል በምንጣፍ የተሸፈኑ ናቸው፤ ምንጣፉ ጨረሩን ይከለክላል፣ ነፋሱን ግን አይከለክልም። በደጋው አገር የሣር ክዳን ጎጆም በሣሩ መካከል ባመቀው አየር ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ሲመልስ ኖሯል።

ነገሩን የለወጠው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ በቶሎ ይሠራል፣ እሳትም እንደ ሣር አይበላውም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ደጋው ከሚጫነው ዕቃ አንዱ ቆርቆሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሣር ክዳን የድህነት፣ ቆርቆሮ የክብር ምልክት ሆኖ ቀረ። ነገር ግን ቆርቆሮ ብቻውን ክዳን እንጂ ጣሪያ አይደለም። ሣሩ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ዝናብንም ሙቀትንም ይከለክል ነበር። ቆርቆሮው አንዱን ሥራ ተቀብሎ ሌላውን ጣለው፤ የተጣለውንም ሥራ ዛሬ ድረስ ያነሣው የለም።

የሄሮን አሮጌ ቪላዎችም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠማቸውም። ማቀዝቀዣ በገባባቸው በብዙዎቹ ከፍ ያለው ጣሪያ «ቅዝቃዜ ያባክናል» ተብሎ ከሥሩ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ተሠራ። ከክዳኑ ጠርዝ ሥር የነበረው የአየር ማስወጫ «አቧራና ወፍ ያስገባል» ተብሎ ተደፈነ። በዚህ ዓይነት ቀድሞ ነፋስ ይመላለስበት የነበረው ቦታ የታፈነ ምድጃ ሆነ። ማሽኑ ቤቱን ሊያቀዘቅዝ ገብቶ ቤቱ ራሱን የሚያቀዘቅዝበትን ብልሃት አጠፋው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሙግቱ እንምጣ። «ጣሪያ ላይ ሙቀት መከላከያ ማንጠፍ የብርድ አገር ሰዎች ነገር ነው፤ በሙቅ አገር ቤቱን ጭራሽ ያፍነዋል» የሚሉ አሉ። ይህን የሚል ሰው በቤቱ ያለውን ፔርሙዝ ልብ ብሎ አላየውም። ፔርሙዝ በደብረ ብርሃን ሻዩን ትኩስ አድርጎ ያቆያል፤ በጅቡቲ በረዶውን ሳይቀልጥ ያቆያል። ዕቃው አንድ ነው፤ ሥራውም አንድ ነው፤ ሙቀት ከሚበዛበት ወደሚያንስበት እንዳያልፍ መከልከል። ቤትን የሚያፍነው መከላከያው ሳይሆን የተደፈነው ነፋስ መውጫ ነው።

«ማቀዝቀዣ እስካለ ድረስ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ መልሱ መብራቱ ሲጠፋ በራሱ ይመጣል። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ከፍተኛው ድርሻ በድሬዳዋ በኩል በተዘረጋው መስመር ከኢትዮጵያ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። ሁለቱም የሚያስመሰግኑ ሥራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በደጋው ወንዝ ተገድቦ፣ በረሃ አቋርጦ የመጣ ኃይል በሄሮን ሲደርስ የሚውለው ለምንድን ነው? ማንም ያላለበሰውን ክዳን ለመታገል ነው። በወንፊት ውሃ ለሚቀዳ ሰው ተጨማሪ ወንዝ ቢጠልፉለት ምን ይጠቅመዋል?

ሦስተኞቹ «አሮጌውን አፍርሶ በሲሚንቶ መሥራት ይሻላል» ባዮች ናቸው። እነዚህ የግብፁን አርክቴክት የሐሰን ፈትሂን ታሪክ ማወቅ ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 በካይሮ ሁለት የሙከራ ቤቶች ተለክተው ነበር፤ አንዱ በጭቃ ጡብ ቅስት የተሠራ፣ ሌላው ተዘጋጅቶ በሚገጠም ስስ ኮንክሪት። በጭቃ ጡቡ ቤት የአየሩ ሙቀት በ24 ሰዓት ውስጥ የተለዋወጠው ከ2 ዲግሪ አይበልጥም ነበር። የኮንክሪቱ ቤት ግን እስከ 36 ዲግሪ ደረሰ፤ ይህም ከውጭው አየር 9 ዲግሪ ያህል የሚበልጥ ነው። ውጭው ከቤቱ ከተሻለ ቤት የተባለው ለምን ተሠራ? በጅቡቲም ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ የጠጣውን የሚተፋው ሰው ሊተኛ ሲጋደም ነው። አሮጌው ቪላ ቢያንስ በክዳኑና በኮርኒሱ መካከል ሊታረም የሚችል ባዶ ቦታ አለው። ይህ ቦታ ጉድለቱ ሳይሆን ሀብቱ ነው።

ሥራውም እንደሚፈራው የረቀቀ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ብቻ ይጠይቃል። አስቀድሞ አሮጌው የኤሌክትሪክ ሽቦ መታየት አለበት፤ ልባሱ የተላጠን ሽቦ በመከላከያ መቅበር እሳት መጋበዝ ነው። ክዳኑ አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ ኤተርኒት ከሆነም መቁረጥና መፋቅ አይገባም፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ከዚያ የተደፈነው የአየር ማስወጫ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ ይከፈታል። ክዳኑ ነጭ ይቀባል፤ አዲስ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ሊመልስ ይችላል። የሕንዷ አህመዳባድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 በደረሰባት ብርቱ ሙቀት ብዙ ሰው ካጣች በኋላ በድሆች መንደር ጣሪያዎችን ነጭ ማስቀባትን ከመከላከያ ዘዴዎቿ አንዱ አድርጋለች። ለሀብታሙ ሄሮን ይህ ሊያቅተው አይገባም።

ቀጥሎ ከክዳኑ ተሸካሚ እንጨቶች ሥር የአሉሚኒየም ወረቀት ይወጠራል። አንጸባራቂው ገጹ ወደ ታች፣ ወደ ባዶው ቦታ መዞር አለበት፤ ወደ ላይ ከዞረ አቧራ ይለብስና ሥራውን ያቆማል። ከሥሩም ባዶ አየር መኖር አለበት፤ ኮርኒሱ ላይ ከተለጠፈ ከንቱ ነው። በመጨረሻ ኮርኒሱ ላይ የፋይበር ግላስ ወይም የመሰለው ምንጣፍ ይነጠፋል። እዚህ ላይ ከፈረንሳይኛ መመሪያ ቃል በቃል የሚገለብጡ ሠራተኞች ይሳሳታሉ። በብርድ አገር እርጥበቱ የሚመጣው ከሚሞቀው ቤት ውስጥ ስለሆነ የእርጥበት መከልከያው ላስቲክ ወደ ውስጥ ይደረጋል። በጅቡቲ እርጥበቱ የሚመጣው ከባሕር ነው፤ የሚቀዘቅዘውም ውስጡ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ በሚሠራበት ክፍል ላስቲኩ በላይ፣ በሞቃቱ ወገን መሆን አለበት። አለዚያ እርጥቡ አየር በቀዝቃዛው ኮርኒስ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ምንጣፉ ይርሳል፣ ኮርኒሱ ይሻግታል፣ ባለቤቱም «ይህ ነገር ለአገራችን አይሆንም» ይላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከታወቀ ለምን አይሠራም? መልሱ መራራ ነው። የጣሪያው ባለቤት አከራዩ ነው፤ የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ተከራዩ ነው። አከራዩ ላልከፈለው ሒሳብ ገንዘብ አያወጣም፤ ተከራዩ ነገ ለሚለቀው ቤት ጣሪያ አያለብስም። አዲስ ሴራሚክ ለእንግዳ ይታያል፣ ኪራይም ያስጨምራል፤ ከኮርኒስ በላይ የተነጠፈ ምንጣፍ አይታይም። ነገር ግን ሁለቱ ተስማምተው ወጪውን በኪራዩ ላይ ቢያቻችሉት ሁለቱም ያተርፋሉ፤ ይህን ለመዋዋል አንዲት ገጽ ወረቀት ትበቃለች።

ከሁሉም የከፋው በጓሮ ያለው ነው። በብዙ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ የሠራተኛዋና የዘበኛው ክፍል አለ። ኮርኒስ የለውም፤ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ራቁቱን ቆርቆሮ ብቻ ነው። በዚያ ክፍል የምትተኛው ብዙ ጊዜ ከኢትዮጵያ የመጣች ልጅ ናት፤ ቀን ምድጃ ፊት ስትሠራ ውላ ማታ ሌላ ምድጃ ሥር ትጋደማለች። ካምሲን በሚነፍስበት ሰሞን አየሩ ከሰውነት ሙቀት ሲበልጥ ቬንትሌተር እንኳ የሚያመጣው የጋለ ነፋስ ነው። አሠሪዋ ሐበሻ ሆኖ፣ እንጀራዋን እየበላ፣ አማርኛዋን እየሰማ ይህን ካላየ ማን ሊያይላት ነው? ያ ክፍል ጠባብ ነው። ነጭ ቀለሙ፣ የአሉሚኒየም ወረቀቱና የችፑድ ኮርኒሱ ተደምረው ለሳሎኑ ከሚገዛ አንድ አዲስ ማቀዝቀዣ ዋጋ አይበልጡም። «ገንዘብ የለም» የሚለው ምክንያት እዚህ ደጃፍ ላይ ያበቃል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ቀዝቀዝ የሚለው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ወቅት ሠራተኛ ክዳን ላይ ወጥቶ ሊሠራበት የሚችል ጊዜ ነው፤ በሰኔ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ሰው መጥበስ ነው። ስለዚህ የሄሮን አከራይና ተከራይ ለሚቀጥለው በጋ አዲስ ማቀዝቀዣ ከማዘዛቸው በፊት መሰላል ይከራዩ፤ የኮርኒሱን ቀዳዳ ከፍተው ባትሪ ያብሩ፤ ከራሳቸው በላይ ያለውን ይዩ። ሥራውንም ከጓሮው ክፍል ይጀምሩ።