አድራሻ የሌለው ሰላጣ

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የሰባት ወር እርጉዝ ሳለች፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ከስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከሥሩ «በልቼዋለሁ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች። ደንግጬ ተነሣሁ። ለካ ነገሩ ካሮት ነው። ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በካሮት በኩል በብዙ ግዛቶች ሰው አሟል፣ አንድ ሰው ሞቷል፣ ስለዚህ የእነዚህ እነዚህ ስሞች ካሮት፣ ከዚህ እስከዚህ ቀን ያለበት፣ ይጣል ወይም ወደ ገዛችሁበት ይመለስ ይላል። ካሮቱ እኮ በዚያ ሰዓት ሱቅ ውስጥ እንኳ የለም። ማስጠንቀቂያው የወጣው ሰው ቤት ፍሪጅ ውስጥ ተረስቶ የቀረውን ፍለጋ ነው።

ሳቅኩባት። «አያታችን ጓሮ ካሮት ነቅለሽ በቀሚስሽ ጠርገሽ የበላሽው ልጅ፣ አሜሪካ ገብተሽ ካሮት ፈራሽ?» አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ ሐኪሟ ጋ ደወለች። ሐኪሟ ምን ምን ምልክት እንደምትጠብቅ፣ ለስንት ቀን እንደምትጠብቅ ነገረቻት። ቀኖቹ አለፉ። ልጇ አሁን ግድግዳ ይዞ ይቆማል።

ዘንድሮ እርጉዟ እኔ ነኝ። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። አሁን የምስቅበት ነገር የለኝም።

በአሜሪካው ፍርሃት እንዳትቀኑ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በ2011 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ ከአንድ እርሻ የወጣ ካንታሎፕ የሚባል የሜሎን ዓይነት ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ 28 ግዛቶች ደርሷል። 33 ሰው ሞቷል፤ አንዲት እናትም ጽንሷን አጥታለች። ሊስቴሪያ ክፉ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ፍሪጅ ሲገባ መራባቱን ይቀንሳል፣ ይሄኛው እዚያም ይራባል። ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው አሥር እጥፍ ያህል ይበልጥ ያጠቃል። እናቲቱን ትንሽ ትኩሳትና ቁርጥማት ብቻ አሳይቶ ልጁን ሊገድል ይችላል። ከተበላ በኋላ ሁለት ወር ቆይቶ ሊነሣም ይችላል። የሁለት ወር ምግቡን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ እህቴ ሌሊት መደንገጧ ቅብጠት አልነበረም። ልዩነቱ የእሷ ፍርሃት ስም፣ ቀንና የማሸጊያ ቁጥር ያለው መሆኑ ነው። ፍሪጇን ከፍታ አረጋገጠች፤ ጣለች፤ ቀን ቆጠረች፤ አበቃ። የእኔ ፍርሃት ግን ከየትኛው እርሻ እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚነግረኝ የለም።

አምና ግንቦት በአምስተኛ ወሬ ጽንስ ጠፍቶብኛል። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ትኩሳት ነበረኝ፤ ጉንፋን ነው ብዬ ዳማከሴ አሽቼ ተኛሁ። ከሆነው ሁሉ በኋላ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ያጋጥማል» ተባልኩ። ሰፈሩ ግን ምክንያት አላጣም። ምች ነው ያለ አለ። ባልዲ ስታነሣ አይቻታለሁ ያለች አለች። አንዲት ትልቅ ሴት ሾተላይ ነው ብለው ጠበል ጠቆሙኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ የሚያውቁትን ነው የሰጡኝ። ሁሉም ምክንያት ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ያርፋል፦ የሠራሁት፣ ያላደረግሁት፣ ደሜ። «ባለፈው ወር ምን በልተሽ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን ሰፈርም ሆነ ሐኪም ቤት አንድም ሰው የለም። ሰላጣ ነው የገደለብኝ እያልኩ አይደለም። ጥያቄው ሳይነሣ ተዘጋ ነው የምለው።

«ይሄ የሀብታም አገር ጥያቄ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ደቡብ አፍሪካን እንይ። በ2017 እ.ኤ.አ. የጆሃንስበርግና የፕሪቶሪያ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሐኪሞች አራስ ሕፃናት ላይ ሊስቴሪያ እየበዛ መሆኑን ተናገሩ። ታኅሣሥ ላይ መንግሥት በሽታውን የግድ ሪፖርት ከሚደረጉት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። መርማሪዎች እናቶችንና ሕሙማንን ምን እንደበሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። በ2018 ጥር ላይ ከሶዌቶ አንድ መዋያ ዘጠኝ ሕፃናት ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ መዋያው ፍሪጅ ውስጥ ፖሎኒ የሚባለው ርካሽ የታሸገ ሥጋ ተገኘ። ከዚያ ተነሥተው ፖሎክዋኔ ከተማ ያለ ፋብሪካ ድረስ ሄዱ። የጤና ሚኒስትሩ አሮን ሞትሶአሌዲ በመጋቢት ወር መጀመሪያ መድረክ ላይ ወጥተው የድርጅቱን ስም ጠሩ፤ ምርቱ ከአገር ሁሉ ተሰበሰበ። ከ1,000 በላይ ሰው ታሞ ነበር፤ ከ200 በላይ ሞቷል። ከታመሙት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዙት አራስ ሕፃናት ናቸው። በዓለም ከተመዘገቡት የሊስቴሪያ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ትልቁ «የተመዘገበው» ነው። አንድ አገር ቆጥሮ ስለተገኘ ስሙ ወጣ። ያልቆጠረ አገር ንጹሕ ይመስላል።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ክትትል የማደርግበት ቦታ ያለችው ነርስ ጥሩ ልጅ ናት። አይረንና ፎሊክ አሲዱን ሰጥታኝ «ቅጠላ ቅጠል አዘውትሪ» ትለኛለች። ልክ ናት። ከዚያ ወጥቼ ጉልት እሄዳለሁ። ሰላጣው ተደርድሯል፣ ውኃ ተርከፍክፎበት ያብረቀርቃል። «ከየት ነው የመጣው?» እላለሁ። «ከዝዋይ ነው እናቴ፣ ንጹሕ ነው።» የሚቀጥለው ጉልትም ከዝዋይ ነው። ከቄራ ወይም ከአቃቂ ነው ያለኝ ሻጭ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በወንዙ ዳር ሄዶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ እዚያ የሚታጨደውን ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በዓይኑ አይቷል። የቄራ ሰላጣ መንገድ ላይ ዜግነት ይቀይራል።

ሻጯን አልወቅስም። እሷም የምታውቀው የተቀበለችበትን ሰው ብቻ ነው። ገበሬውንም አልወቅስም። አባቱም እዚያው ነው ያመረተው፤ ወንዙን ያቆሸሸው እሱ አይደለም። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የእርድ ደም፣ ሁሉንም ወንዙ ላይ የለቀቅነው እኛ የከተማው ሰዎች ነን። በወንዙ ውኃ የሚበቅሉት ቅጠሎች ላይ ከባድ ብረታ ብረት መኖሩን የአገራችን ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ሊድና ካድሚየም የሚሉት ቃላት የመመረቂያ ጽሑፍ ማድመቂያ ሆነው ቀሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት፤ ሰው ሁሉ ሲያምታታው እሰማለሁና። አንደኛው ጀርም ነው፦ ኢ.ኮላይ፣ ሳልሞኔላ፣ ሊስቴሪያ፣ እንዲሁም ከአፈርና ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ። ይሄንን እሳት ይገድለዋል። አቼቶና ጨው ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም፤ ስለዚህ «በአቼቶ አጥቤዋለሁ» ብሎ ለእርጉዝ ጥሬ ሰላጣ ማቅረብ ደግነት እንጂ ዋስትና አይደለም። ሁለተኛው ብረታ ብረቱ ነው። ሥሩ ከአፈሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ማጠብም ሆነ መቀቀል አያወጣውም። ሊድ ደግሞ ከእናት ወደ ጽንስ ያልፋል። ለመጀመሪያው እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ መፍትሔ አለኝ። ለሁለተኛው ምንም የለኝም፤ ያለኝ «ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው፣ መልሱም ሁልጊዜ ዝዋይ ነው።

እርጉዝ ጓደኞቼ ምን አደረጉ መሰላችሁ? አንዷ ቅጠል የሚባል ነገር እርግፍ አድርጋ ተወች። የበሰለ ጎመን እንኳ አትነካም። ጾም ላይ በየዓይነቱ ሲቀርብላት ሰላጣውንና ስንጉን ብቻ ሳይሆን ጎመኑንም ወደ ዳር ትገፋዋለች፤ ሽሮውን ይዛ ትቀራለች። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አገራችን ውስጥ የጭንቅላትና የአከርካሪ አፈጣጠር ጉድለት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ የፎሌት እጥረት ደግሞ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ነው። ጉድለቱ የሚፈጠረው እርግዝናው ገና ሳይታወቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ቅጠልን በጅምላ የፈራች ሴት ለሚቀጥለው ልጇ የሚያስፈልገውንም አብራ ነው የምትተወው። የማይታወቅ አደጋ ሰውን በጅምላ ያስፈራል፤ የታወቀ አደጋ አንዱን ነጥሎ ያስጥላል።

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየጊዜው «እነዚህን እንዳትጠቀሙ» ብሎ የዘይት፣ የለውዝ ቅቤ፣ የማር ስም ዝርዝር ሲያወጣ ታያላችሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ዝርዝር ውስጥ የሚገባው ስም ያለው ነገር ነው። ሰላጣ ስም የለውም። ነገ ከአንድ ማሳ የወጣ ጎመን ሰው ቢያሳምም ባለሥልጣኑ ምን ብሎ ያስታውቃል? «ጎመን አትብሉ» ነው የሚለው? ያኔ የሰበታውም የዝዋዩም የቢሾፍቱውም ገበሬ አብሮ ይከስራል።

ይሄ የእኔ ሟርት አይደለም፣ አሜሪካ ላይ ደርሷል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ፣ ታንክስጊቪንግ የሚሉት በዓላቸው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሮሜይን ሰላጣ ኢ.ኮላይ ተገኘ። ሰላጣው ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ የጤና መሥሪያ ቤቱ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ሆነ፦ በመላ አገሪቱ ማንም ሰው ምንም ዓይነት ሮሜይን እንዳይበላ። ጥፋት የሌለበት ገበሬ ሰላጣ ሁሉ ቆሻሻ ገንዳ ገባ። ከቀናት በኋላ ችግሩ ከካሊፎርኒያ የተወሰኑ አካባቢዎች መሆኑ ሲለይ፣ አምራቾቹ የተመረተበትን አካባቢና የታጨደበትን ቀን ማሸጊያው ላይ ለመጻፍ ተስማሙ። ኪሳራው ነው ያስማማቸው። የአገሩን ሀብትና ቴክኖሎጂ ለአፍታ እንርሳውና፣ የጎደለው ነገር አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር።

ደግሞ አንቺ ብዙ ትጠይቂያለሽ እንዳትሉኝ፣ ይሄ ሥራ እኛው አገር ውስጥ ይሠራል። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ የሚላክ ፎሶሊያና ቅመማ ቅጠል አለ። የአውሮፓ ሕግ ምግብ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ መዝገብ ያስይዛል፤ ገዢዎቹም ቁጥር ይጠይቃሉ፣ የውኃ ምርመራ ይጠይቃሉ። ስለዚህ እኛ መሬት ላይ የበቀለው ፎሶሊያ አምስተርዳም ላይ ችግር ቢገኝበት ወደ ኋላ ተከትሎ የሚያስገኘው ወረቀት አለ። እኔ ቤት የሚገባው ሰላጣ ግን ከማሳው እስከ ጉልቱ በታክሲ የአንድ ሰዓት መንገድ ሆኖ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ባለሙያው አለ፣ ልምዱ አለ፤ ለእኛ ሲሆን ነው የሚጠፋው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኃይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልት ገበያ የሚያራግፈው መኪና ከየት እንደጫነ ደላላው ያውቃል፤ ገንዘቡን የሚልከው ለዚያ ሰው ነውና። ያንን ቦታ ጆንያው ላይና መዝገብ ላይ ማስፈር ምን ይከብዳል? ከተማው ወንዝ በክሎ የተገኘን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል፤ እሰየው። ከዚያው ጋር የእያንዳንዱን የወንዝ ዳር ማሳ አፈርና ቅጠል አስመርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ይለጥፍ። ንጹሕ የሆነው ማሳ ንጹሕ ነው ይባል፤ ያልሆነው ገበሬ ሜዳ ላይ ሳይጣል አበባ ወይም ችግኝ ወደ ማምረት ይዛወር። ሆስፒታሎቹ ደግሞ፣ ቢያንስ ትልልቆቹ፣ ጽንስ በትኩሳት ሲጠፋና አራስ ልጅ በኢንፌክሽን ሲታመም ደም ወስደው ያሳድጉ፣ ይመዝግቡ፣ እናቲቱን ምን በላሽ ይበሉ። ጥያቄው ራሱ ነጻ ነው።

እስከዚያው እኔ እንዲህ እየኖርኩ ነው፦ ጥሬ ሰላጣ የለም፤ ክትፎም ቁርጥም የለም፣ ባለቤቴ ፊቴ ሲበላ እየተበሳጨሁ። ጎመንና ቆስጣ በደንብ ታጥበው፣ በደንብ በስለው፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል እበላለሁ። የቀዘቀዘ ነገር ከፍሪጅ አውጥቼ ዝም ብዬ አልበላም፣ እስኪፈላ አሞቀዋለሁ። ትኩሳት ከያዘኝ ዳማከሴዬን ይዤ አልተኛም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነኝ።

ከእናንተ ውስጥ አትክልት ተራ የምትሠሩ፣ የምትጭኑ፣ የምታራግፉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሰላጣው ከማን ማሳ እንደሚነሣ፣ የት እንደሚታጠብ፣ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ንገሩኝ። ስማችሁን አላወጣም። የደረሰኝን በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ክትትል ያለብኝ ማክሰኞ ስለሆነ ምናልባት ረቡዕ።