ጎማውን የበላው ሹፌሩ አይደለም

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ፒካፕ የቅንጦት መኪና አይደለም። ከአብርሃ ጅራ ወደ እርሻው ውኃና ነዳጅ የሚያደርሰው፣ ሳሉግ የሚባለውን የወቅት ሠራተኛ ከነስንቁ የሚያመላልሰው፣ የታመመውን በሌሊት ወደ ሕክምና የሚያወጣው እሱ ነው። ይህ መኪና ጎማ ሲጨርስ ግን ፍርዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሹፌሩ ነው የበላው!» ባለቤቱ ይቆጣል፣ የጎማው ዋጋ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ አዲስ ጎማ ይገዛል። አዲሱም እንደ አሮጌው ያልቃል።

ይህ ፍርድ ስህተት ብቻ አይደለም፣ ግፍ ነው። ምስክሩም ጎማው ራሱ ነው።

ያለቀውን ጎማ ከመጣላችሁ በፊት እዩት። በአንድ ጠርዙ ብቻ ከተላጨ ካምበሩ ተዛብቷል፤ ጎማው ቀጥ ብሎ አልቆመም ማለት ነው። በእጃችሁ ስትዳስሱት በአንድ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ሻካራ ከሆነ «ቶ» የሚባለው ልክ ስቷል፤ የፊት ጎማዎቹ ወደ ፊት እኩል አያዩም። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ ንፋሱ አንሶ ኖሯል፣ መሃሉ ብቻ ካለቀ በዝቶ ኖሯል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተፋቀ፣ ያኔ ፍሬን እየረገጠ ጎማ የሚጎትተውን ሹፌር ጠይቁ። ጥፋት ሲኖርበት ይጠየቅ፤ በሌላው ጥፋት ግን አይከሰስ።

የ«ቶ» ስህተት ቀላል እንዳይመስላችሁ። 1 ዲግሪ የሳተ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በ100 ኪሎ ሜትር ሲሰላ 1.7 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ማሽከርከር ሳይሆን ጎማን በሞረድ መፋቅ ነው። የትኛው የመንዳት ችሎታ ነው ይህን የሚያድነው?

«መንገዱ ነው» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። የቆላው ዋልካ ክረምት ይውጣል፤ በበጋ ሲደርቅ የጎማው ቦይ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ቴስቲናና ቦኮላ የሚያላላው ይህ ነው። ታዲያ መንገዱ አላይመንት የሚያዛባ ከሆነ መልሱ ቶሎ ቶሎ ማስለካት ነው እንጂ ሹፌሩን መቅጣት ነው?

ትልቁ ጥፋት ግን ከመንገዱ በፊት ጋራዥ ውስጥ ይጀምራል። ባለቤቱ ጭነት እንዲችልለት ከኋላ ባሌስትራ ያስጨምራል። ሰፊ ጎማም ያስገባል። ሬቮው ግርማ ሞገስ አገኘ ይባላል። ነገር ግን የመኪናው ኋላ ከፍ ሲል ካስተሩ ይቀንሳል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታው እንዲመለስ የሚያደርገው ደግሞ ካስተር ነው። ስለዚህ መኪናው ሰሊጡን አራግፎ ባዶውን አስፋልት ላይ ሲወጣ መሪው ይዋልላል። ሹፌሩ «መኪናው መንገድ አይይዝም» ሲል «አንተ ነህ መሪ የማትይዘው» ይባላል። በዚያ ፍጥነት የሚተርፈውና የማይተርፈው የሚለየው በዚህች ልክ ነው።

«አላይመንት አሠርቼ ማሽኑ አረንጓዴ ብሏል» ማለትም አያድንም። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ፋብሪካው ባወጣው ከፍታ ለቆመ መኪና የተሰጠ ነው። ከፍታው ከተለወጠ፣ ጭነቱም ከተለወጠ፣ ይህንን ለባለሙያው ሳይናገሩ መለካት ራስን ማታለል ነው። ያላላ ቴስቲና ሳይቀየር የተሠራ አላይመንትም ከጋራዡ በር አያልፍም። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ያረጀው ዕቃ ይቀየር፣ ንፋሱ ይስተካከል፣ መኪናው እንደ ሥራው ልማድ ተጭኖ ይቁም፤ ከዚያ ካስተርና ካምበር፣ በመጨረሻ «ቶ» ይስተካከል። እንደ ሃይሉክስ ባሉት ፒካፖች የኋላው አክሰል ይለካል እንጂ አይስተካከልም፤ ተጣሞ ከተገኘ ባሌስትራውንና ማሰሪያዎቹን ማየት ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ እንደፈለገ ደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ አይቆረጥም፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። «ጎማ በላህ» የሚል ቁጣ ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

ስለዚህ ለባለቤቶች አንድ ጥያቄ አለን። ከሹፌሩ ደመወዝ ከመቁረጣችሁ በፊት የአላይመንቱን ወረቀት አሳዩ፤ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ የተለካው ቁጥር ያለበትን። ወረቀቱ ከሌላችሁ ማስረጃ የላችሁም። ጋራዦችም ይህን ወረቀት ሳይሰጡ ገንዘብ መቀበል ይብቃቸው። ሹፌሮችም መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲጎትት በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቀኑንም ያዙ።

እገታ በበዛበት በዚህ ዘመን በቆላው መንገድ ዳር ጎማ ፈንድቶ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። እዚያ የሚቆመው የመኪናው ባለቤት አይደለም። ሹፌሩ ነው።