ሆዱ የሚታይ መልእክተኛ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ከጨርቅ መደብሩና ከሻይ ቤቱ መሀል ሳይበር አይጠፋም። ኢንተርኔት ካፌውን ሰው በአጭሩ የሚጠራው እንዲያ ነው። ስልክ በየሰው ኪስ ከገባ ወዲህ ሳይበር የሚኬደው ለወሬ መሆኑ ቀርቶ ለወረቀት ሆኗል፦ የኬንያ መንግሥት አገልግሎት ድረ ገጽ የሆነውን የኢሲቲዝንን ቅጽ ለመሙላት፣ የአሊየን ካርድ (የውጭ ዜጋ መታወቂያ) ኮፒ ለማውጣት፣ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ «ፕሮሰስ» የጀመረ ሰው ለቃለ መጠይቅ የሚይዘውን ሰነድ ለማሳተም። ባለጉዳዩ ሰነዱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወደ ሳይበሩ ዋትስአፕ ይልካል፤ ሠራተኛው ከኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ያትምለታል፤ ሂሳቡ በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያው በኤምፔሳ ይዘጋል። ወረቀቱ ከባለቤቱ ጋር ይወጣል። ፎቶው ግን ሳይበሩ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል።

አንዳንዱ ደግሞ የገዛ ዋትስአፑን ከሳይበሩ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ማታ ቤቱ ገብቶ ከእናቱ ጋር የሚጻጻፈውን፣ ከእሱ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሊያነበው ይችላል። አገሩን ሸሽቶ ለወጣ ሰው ይህ እንደዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በዚያ ፎቶ ላይ ስሙ፣ የትውልድ ቦታው፣ አንዳንዴም የተሰደደበት ምክንያት አለ።

የኢትዮጵያውያንና የዴስክቶፕ መልእክት መለዋወጫ ታሪክ ሳይበር ውስጥ አልተጀመረም። በምርጫ 97 ሰሞንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዲያስፖራው የሚሰበሰበው ፓልቶክ ላይ ነበር። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከጆሃንስበርግ የገቡ ሰዎች «እጅ አውጥተው» ተራ ይጠብቃሉ፤ ማይክ የደረሰው ይናገራል፤ የሩሙ አስተናጋጅ ሥርዓት ያስከብራል። ለዘመድ ጨዋታ ያሁ ሜሴንጀር ነበር፣ ቀጥሎ ስካይፕ መጣ። ሁሉም በነጻ የሚገኙ፣ ሁሉም ውስጣቸው የተዘጋ ነበሩ። ዛሬ አብዛኞቹ የሉም። ኤምኤስኤን ሜሴንጀር (ከቻይና በስተቀር) በ2013፣ የኤኦኤሉ ኤይም በታኅሣሥ 2017፣ ያሁ ሜሴንጀር በሐምሌ 2018፣ ስካይፕ በግንቦት 2025 ተዘጉ (ከምርጫ 97 በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስንት ፍቅር፣ ስንት መርዶ፣ ስንት የብር ላክልኝ ደብዳቤ የተጻጻፈባቸው ቤቶች፣ ባለቤቶቻቸው ቁልፉን ባዞሩ ዕለት አበቃላቸው።

የከፋው ግን መዘጋታቸው አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በመጋቢት 2013 ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የተቃዋሚውን ድርጅት የግንቦት 7ን ሰዎች ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ መሰራጨቱን፣ መረጃውንም የሚቀበል ሰርቨር ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩን አሳወቀ። በቀጣዩ ዓመት በሜሪላንድ የሚኖሩ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ «ኪዳኔ» በሚል ስውር ስም የቀረቡ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ በኮምፒውተራቸው ላይ የተደበቀ ሶፍትዌር የስካይፕ ንግግራቸውን ለወራት ቀድቷል ብለው የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሱ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ሊከሰስ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በሁለት ሰዓት ውስጥ ለተለያዩ ሰዎች የተላኩ አጥማጅ ፋይሎች ደረሷቸው። የመጡትም በዚያው በስካይፕ፣ የሚያውቁት ሰው ከሚጠቀምበት አካውንት ነበር።

በታኅሣሥ 2017 የወጣው የሲቲዝን ላብ ዘገባ ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉም የቀረበ ነው። ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ ለሚኖሩ የኦሮሞ ተሟጋቾች ኢሜይል ይደርሳቸዋል፤ ውስጡ የቪዲዮ ማስፈንጠሪያ አለ። ሲከፍቱት «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ» ይላል። የሚወርደው ፋይል ፍላሽ ፕሌየርን በእርግጥ ይጭናል፤ ከጎኑ ግን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን የስለላ ሶፍትዌር ይዞ ይገባል። ወጥመዱ የተጠመደው የአገሩን ወሬ ለማየት በሚጓጓ ሰው ጉጉት ላይ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ክፍት ኮድ ቢጠቀሙ ኖሮ ባልተጠቁ ነበር ማለት አይቻልም። ኮምፒውተሩ ራሱ ከተያዘ በላዩ ላይ ያለ መልእክት መለዋወጫ ሁሉ አብሮ ይያዛል። ይሁንና እነዚህ ታሪኮች አንድ ልማድ ያሳያሉ፤ ማን እንደሠራው፣ ውስጡን ማን እንዳየው ሳይጠይቁ መክፈትና መጫን። ኦፕን ሶርስ (ክፍት ኮድ) የሚባለው አሠራር ዋና ጥቅሙ ገንዘብ አለመጠየቁ አይደለም። ያሁም ገንዘብ አልጠየቀም። ጥቅሙ ማንም የሚችል ሰው ሆዱን ከፍቶ ሊያየው መቻሉ ነው።

ለዚህ ፒጅንን የመሰለ ምስክር የለም። ማርክ ስፔንሰር በ1998 ጌም ብሎ የጀመረውና በ2007 ስሙን የለወጠው ይህ ፕሮግራም የያሁን፣ የኤምኤስኤንንና የጃበርን አካውንቶች በአንድ መስኮት ሰብስቦ ያሠራ ነበር። ለአሮጌ ኮምፒውተርም አይከብድም። ጉድለት ነበረበት፤ የይለፍ ቃል ኮምፒውተሩ ላይ ሳይመሰጠር ያስቀምጥ ነበር። ሠሪዎቹ ግን ይህንን አልሸሸጉም፣ ምክንያታቸውን ጽፈው በይፋ አስቀመጡት። ከዚያ በ2024 ክረምት ሌላ ነገር ተከሰተ። በውጭ ሰዎች ከተሠሩት ተቀጥላዎች (ፕለጊኖች) ዝርዝር ውስጥ፣ የስክሪን ማጋሪያ ነኝ የሚል አንዱ ቁልፍ ሲጫን የሚመዘግብ ሰላይ ሆኖ ተገኘ። የዝርዝሩ ጠባቂዎች ያልጠየቁት ነገር ነበር፦ ያ ተቀጥላ ሶርስ ኮዱን አላቀረበም። ተዘግቶ ነበር የመጣው። ከዚያ ወዲህ ኮዱን በክፍት ፈቃድ ያላቀረበ ተቀጥላ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ወደ ቪዲዮው ወጥመድ ስንመለስ፣ መፍትሔው ቀላል ነው፣ አብዛኛው ሰውም ያውቀዋል። ብርቱካናማው የመንገድ ኮን ምልክቱ የሆነው ቪኤልሲ በፓሪስ ኤኮል ሴንትራል ተማሪዎች በ1996 የተጀመረ፣ በ2001 ኮዱ የተከፈተ ማጫወቻ ነው። የሠርግ ቪዲዮም ሆነ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ዲስክ የመጣ ፊልም፣ ተጨማሪ ነገር ጫን ሳይል ያጫውታል። ከራሱ ከሠሪው ከቪዲዮላን ገጽ የወሰደው ሰው «ለማየት ይህን ያድሱ» የሚል ማታለያ ሲመጣበት ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለው።

ቴሌግራም ሙሉ በሙሉ ክፍትና ሚስጥራዊ ነው ብሎ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢትዮጵያዊ መጽሐፉን፣ ፊልሙን፣ የፈተና ጥያቄውን የሚያመላልሰው በእሱ ነው። የዴስክቶፑ ፕሮግራም ኮድ ክፍት ነው፣ የሰርቨሩ ግን ዝግ። «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለው፣ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው አገልግሎት ደግሞ በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ በሚሠራው በዚህ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ላይ የለም። ሲግናል የተባለው መልእክት መለዋወጫ ግን በዴስክቶፕም ቢሆን ሁሉንም ይመሰጥራል።

ሌላው ችግር የአንድ በር ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራም ከየካቲት 2023 እስከ ሐምሌ ድረስ ከፌስቡክና ከቲክቶክ ጋር ታግዶ ቆይቷል፤ በኬንያም በኅዳር 2024 በሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተና ወቅት እንዲቋረጥ ተደርጓል። ጃበር፣ በዛሬ ስሙ ኤክስኤምፒፒ፣ እንደ ኢሜይል ነው፤ አንድ ባለቤት የለውም፣ ሰርቨሩን ማንም በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊያቆም ይችላል። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲዘጋ እርግጥ ይህም ከውጭ ጋር አያገናኝም። ጃሚ የተባለው ክፍት ፕሮግራም ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች መሀል ያለ ኢንተርኔትም ድምፅና ምስል ያስተላልፋል።

ናይሮቢ ለዚህ ዓይነት ሥራ ባዳ አይደለችም። በጥር 2008፣ ከኬንያ ምርጫ በኋላ ደም ሲፈስ፣ ኦሪ ኦኮሎህ፣ ኤሪክ ኸርስማን፣ ጁሊያና ሮቲችና ዴቪድ ኮቢያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኡሻሂዲን የሠሩት ዜጎች ያዩትን በኤስኤምኤስና በኢንተርኔት ልከው በካርታ ላይ እንዲሰፍር ነበር። ቃሉ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ኮዱን ክፍት ስላደረጉት ከሁለት ዓመት በኋላ በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ለነፍስ አድን ሥራ ዋለ። ከተማይቱ ይህን አድርጋለች። በዚያችው ከተማ ያለው የሐበሻ እድርና የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የአባላቱን ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ፎቶ አንድ ዝግ ግሩፕ ውስጥ ማከማቸቱን ቢተው፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ሙያውን የሚያውቅ አንድ ወጣት ይበቃዋል።

ወጣቱም አለ። ኢስሊና ካንጌሚ ውስጥ የፕሮሰስ ቀጠሮ ለዓመታት የሚጠብቁ፣ አገራቸው እያሉ ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች አሉ። ሥራውም አለ። ፒጅን አማርኛ ተናግሮ ያውቃል፤ በቀድሞ ተርጓሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ በአማርኛ አንጻር የሰፈረው ስም የዳንኤል ያዕቆብ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እንዲገባ ከደከሙት አንዱ እኚሁ ሰው ናቸው። «የቀድሞ» የሚለው ቃል ግን እዚያው አለ፤ ከእሳቸው በኋላ የተጨመሩት ዓረፍተ ነገሮች ተርጓሚ ይጠብቃሉ። ኢስሊ ሳይበር የምትገባ አንዲት እናት «ከዚህ ኮምፒውተር ውጣ» የሚለውን ቁልፍ በገዛ ቋንቋዋ ብታነበው፣ ሳትጫነው አትሄድም ነበር።