ከዶማ በፊት ዓይን

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ መካነ ሰላም ያለው የእናቴ ግቢ አራት ቀን ሙሉ ተቆፈረ። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ አልወርድ ብሎ ወደ ቤት ተመልሶ ነበር። ሁለት ጎበዛዝት ቀጥሬ ከግድግዳው ሥር ጀምሩ አልኳቸው። ሊሾው ተፈነቀለ፤ እናቴ ቡና የምታፈላበት የድንጋይ ንጣፍ ተነሣ፤ ጤና አዳሟ ተነቀለች። ቀን የተቆፈረውን ማታ ዝናብ ይሞላዋል። 14 ሜትር ቆፍረን ጉዳቱን ያገኘነው መጨረሻው ላይ፣ ባሕር ዛፉ አጠገብ ነው። አንዲት መጋጠሚያ ተላቅቃ፣ በክፍተቷ የገባው ቀጭን ሥር ቱቦው ውስጥ ተባዝቶ እንደ ጥጥ ወትፎታል። የተበላሸው ከአንድ ክንድ አይበልጥም።

ቱቦውን የቀየሩልን በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ናቸው። እናቴን “አብሽሪ፣ ይሄስ ቀላል ነው” አሏት። ወደ እኔ ዞር ብለው ግን “ልጄ፣ መጀመሪያ ብታዩት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልተቆፈረ ነበር” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አይቼ ሳይሆን ገምቼ ነበር ያስቆፈርኩት።

ነገሩን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ ስነግረው የእሱንም ቤት ይኸው ችግር ገጥሞት እንደነበር አጫወተኝ። በዚያ አካባቢ ያሉ የቆዩ ቤቶች የፍሳሽ ቱቦ ብዙውን ጊዜ የሸክላ ነው፤ የዛፍ ሥር በየመጋጠሚያው ይገባበታል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ በረጅም ገመድ ጫፍ ካሜራ አስገብተው ጉዳቱ ስንተኛው ሜትር ላይ እንደሆነ አዩ። ቀጥለው በኃይለኛ የውሃ ግፊት ሥሩንና ቆሻሻውን ጠራረጉ። ከዚያ ሬንጅ መሰል ማጣበቂያ የጠጣ ለስላሳ የጨርቅ እጅጌ ቱቦው ውስጥ ከተው በአየር ነፉት። እጅጌው ከአሮጌው ቱቦ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደረቀ። በአሮጌው ቱቦ ሆድ ውስጥ አዲስ ቱቦ ተወለደ፤ የመኪና መግቢያው ሲሚንቶ አልተነካም።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ኤሪክ ዉድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ አንድ አሮጌ የጡብ ፍሳሽ መስመር በዚህ መንገድ አደሰ። ከ20 ዓመት በኋላ ናሙና ተወስዶ ሲመረመርም ሥራው ጸንቶ ተገኘ። ሌላም ዘዴ አለ፤ በሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች መካከል ጠንካራ ራስ በገመድ እየተሳበ አሮጌውን ቱቦ ወደ ጎን ይሰባብረዋል፣ ከኋላው አዲሱን ቱቦ ያስገባል።

እጅጌው ግን ሁሉን አያድንም። እጅጌው የአሮጌውን ቱቦ ቅርጽ ስለሚይዝ፣ ቱቦው ሰምጦ ከሆነ ወይም ተዳፋቱ ከመነሻው ከተሳሳተ አዲሱም ስህተቱን ይወርሳል። ፈጽሞ የተደረመሰውም መቆፈሩ አይቀርም። ማየቱ መቅደም ያለበትም ለዚህ ነው። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይባል የለ።

በእኛ ደጋ ደግሞ ማየት ከሌላው አገር ይልቅ ያስፈልጋል። ከወረኢሉና ከጃማ እስከ ለጋምቦና ቦረና ብዙው ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከሥሩ አሸዋ ሳይነጠፍለት ዋልካ ላይ የተጋደመ ቱቦ ከዓመት ዓመት ይገፋል፣ ይሳባል፤ በመጨረሻ መጋጠሚያው ይላቀቃል። ባሕር ዛፍም በየግቢያችን አጥር አለ፤ ሥሩ እርጥበት ወዳለበት ይሄዳል።

የሚያፈስ ቱቦ ጉዳቱ ሽታ ብቻ አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የመጠጥ ውሃ መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ግፊቱ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ በዙሪያው ያለ ቆሻሻ ውሃ በመስመሩ ስንጥቅ ሊሳብ ይችላል። አተት የሚገባበት አንዱ በር ይህ ነው። የጎረቤት የእጅ ጉድጓድም ከዚሁ አፈር ነው የሚጠጣው።

አዲስ አበባ በ1970ዎቹ የተጀመረ የፍሳሽ መስመርና ቃሊቲ ላይ ማጣሪያ አላት። መካነ ሰላም እንደ አብዛኞቹ ከተሞቻችን በየግቢው ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ነው የምትኖረው። እጅጌ የሚከተው መሣሪያ ነገ እንዲደርሰን አልጠብቅም። ዛሬ በእጃችን ያለውን እንሥራ ነው የምለው።

ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ ቱቦው በሚታጠፍበትና ታንኩ ጋ በሚደርስበት ቦታ ክዳን ያለው ማንሆል ሳታስቀሩ ሲሚንቶ አታፍስሱ። ለቱቦው አሸዋ አንጥፉለት፤ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ስጡት። የላሊበላ ጠራቢዎች ዐለቱን ሲፈለፍሉ የዝናቡን መውረጃም አብረው ቀርጸዋል፤ መፍሰሻውን ለኋላ አላቆዩትም።

ቱቦው ከተዘጋ ደግሞ ረጅም ተጣጣፊ ሽቦ እስኪቆም ድረስ አስገቡ፤ የገባውን ያህል በመሬቱ ላይ ለኩና እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ቆፍሩ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የእናቴን 13 ሜትር ያድንላት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱና በከተማችን ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው አንድ የቱቦ ካሜራ ገዝተው ለቧንቧ ሠራተኞች በኪራይ ቢያቀርቡ ደግሞ ሽቦው የማይነግረንን እናያለን። የኮሪደር ልማቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሷል፤ ነገ እኛም ጋ ንጣፍ ሲነጠፍ ከሥሩ ያለውን ሳያዩ መሸፈን በኋላ መልሶ ማፍረስን ያስከትላል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። አሁን ግቢው ሁለት ማንሆል አለው። ባለሙያው እንዳስተማሩኝ በአንዱ ባትሪ አበራሁ፤ በሌላው መስታወት አስገብቼ አየሁ። ቱቦው ቀጥ ያለና ንጹሕ ከሆነ ብርሃኑ ሙሉ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ከሰመጠ ወይም ሥር ከገባበት ይጎድላል። እናቴ “እስቲ እኔም ልየው” ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ጎንበስ አለች። “እንደ ጨረቃ ነው” አለችኝ። ሙሉ ነበር። ክዳኑን መልሰን፣ ወደ ቦታው በተመለሰው ንጣፍ ላይ ቡና ጠጣን።